የጉድጓድ ውሃችሁ ፍሎራይድ አለው? በእጃችሁ እንዴት እንደምትለኩት

አክስቴ የምትኖረው ከመቂ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ሰፈሩ ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረለት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ውሃው ኩልል ያለ ነው። አይሸትም። ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ባቄላ ሳይውል ሳያድር ይበስልበታል። «እንዲህ ያለ ውሃ በዕድሜዬ አላየሁም» ትለኛለች ጀሪካኑን እያስቀመጠች። አጠገቧ የቆመው የልጅ ልጇ ፈገግ ሲል ግን የፊት ጥርሶቹ ላይ አግድም የሄደ ቡናማ መስመር አየሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት «ጥርስህን አትታጠብም» እያሉ ስለሚስቁበት ከሰል እየፈጨ ድዱ እስኪደማ ያሸዋል።

ልጁ ጥርሱን ይታጠባል። ቡናማው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ በእሽታም አይለቅም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ከጠጣው ውሃ የገባ ፍሎራይድ፣ ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚሟሟ ማዕድን፣ ያደረሰበት ጉዳት ነው።

ይህን የምጽፈው በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ላላችሁ ነው። የውሃ ኮሚቴ አባል ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ውጭ ሀገር ሆናችሁ ብር አዋጥታችሁ ለትውልድ ሰፈራችሁ ጉድጓድ የምታስቆፍሩም አላችሁ፤ እናንተ በተለይ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት የፍሎራይድ ውጤት መጠየቅ ያለበት ብሩን የሚያወጣው ሰው ነውና።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ

«ውሃውን መርምሩልኝ» ብሎ ላብራቶሪ መሄድ ብር ማባከን ነው። ኬሚካል በስሙ ነው የሚፈለገው። አንዱን የሚያገኘው መሣሪያ ሌላውን አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱን ጠይቁት። ጉድጓዱ አጠገብ ሽንት ቤት ወይም ማዳበሪያ የሚበዛበት እርሻ ካለ ናይትሬት ፈልጉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 50 ሚሊግራም ነው። ያረጀ የብረት ቧንቧና የነሐስ ቧንቧ መክፈቻ ካለ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ደግሞ የሚለካው በማይክሮግራም ስለሆነ ሜዳ ላይ አትሞክሩት፣ ላብራቶሪ ላኩት። ከአፋር ጀምሮ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ አድርጎ እስከ ሐዋሳ ባለው መሬት ላይ ከሆናችሁ ግን ቀዳሚው ጥያቄ ፍሎራይድ ነው።

ምክንያቱም መሬቱ የእሳተ ገሞራ መሬት ነው። ከምድር በታች ያለው ውሃ በአመድና በቀላል ድንጋይ መሐል ለብዙ ዘመን ሲያልፍ ፍሎራይዱን ቀስ እያለ ያሟሟል። ሌላ ቦታ ቢሆን ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱን ይይዘውና ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የሚይዘው የለም። አክስቴ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ብላ የተደሰተችውም በዚሁ ነው፦ ሳሙናን የሚያስቸግረው ካልሲየም ነውና። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቶሎ የሚያረፋ፣ ሶዳ ሶዳ የሚል፣ ከጉድጓዱ ሞቅ ብሎ የሚወጣ ውሃ ካጋጠማችሁ ቶሎ ለኩት። ማስረጃ አይደለም፣ ፍንጭ ነው።

የሻላና የአብያታ ሐይቆች ፍሎራይድ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይሄዳል። ማንም ግን ከሻላ አይጠጣም። ሰው የሚጎዳው 3፣ 5፣ 8 ሚሊግራም ባለው ጣፋጭ የጉድጓድ ውሃ ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እየጠጠረ፣ አንገትና ወገባቸው አልታጠፍ እያለ እንደሚሄድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትም ይህን በሽታ በስምጥ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። የጎበጠ አጥንት አይቃናም። ለዚህ ነው በጊዜ መለካት ያለብን።

ቁጥሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይግባችሁ

የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። ወሰኑ ላይ የደረሰ ውሃ ከሆነ በዚያ ሙሉ ሮቶ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ 1.5 ግራም ነው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ጨው ማለት ነው። ምላስ አያገኘውም፣ ዓይንም አያየውም። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ስትለኩ ያልደረቀ ብልቃጥ፣ ያልታጠበ ክዳን፣ አንድ ጠብታ የተረፈ ውሃ ሁሉ ውጤቱን ያበላሸዋል። ከዚህ በታች «በደንብ አድርቁ»፣ «ሦስት ጊዜ አለቅልቁ» ስላችሁ ማካበድ እንዳይመስላችሁ።

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቹን እዩ

ይህ ነጻ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 15 የሆኑ፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ልጆችን ፈልጉ። ቋሚ ጥርሳቸው የተሠራው በዚያ ውሃ ነው። በብርሃን በኩል አቁማችሁ የላይኛውን የፊት ጥርስ እዩ።

ቀላሉ ጉዳት እንደ ጠመኔ ነጭ የሆነ ቀጭን አግድም መስመር ነው። ከዚያ ነጩ ይሰፋል፣ ጥርሱ በሙሉ የኖራ መልክ ይይዛል። ሲብስ ቡናማ ይሆናል፣ ትንንሽ ጉድጓድም ያወጣል። ከቡና፣ ከጫትና ከትምባሆ የሚመጣን ቀለም የምትለዩት በዚህ ነው፦ የፍሎራይዱ በግራና በቀኝ እኩል ይሆናል። የቀኙ የፊት ጥርስ ላይ ያለው መስመር የግራውም ላይ በዚያው ከፍታ አለ። የቡና ቀለም ግን ጥርስና ጥርስ መሐልና ድዱ ሥር ይጠራቀማል፣ ሲፋቅም ይለቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በ20 ዓመቱ ለሥራ የመጣ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ «ውሃው ምንም አላደረገኝም» ቢላችሁ አትመኑ። ጥርሱ የተሠራው ሌላ ቦታ ነው። አጥንቱ ግን አሁንም ከዚህ ውሃ እየወሰደ ነው። ስለዚህ ሁሌም «እስከ ስምንት ዓመትህ የት አደግህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትኛውን መለኪያ?

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀለሙን ከካርቶን ጋር የምታስተያዩት ወረቀት ነው። ርካሽ ነው፤ «ብዙ አለ ወይስ ትንሽ» ከማለት አያልፍም። በ1 እና በ2 መሐል ያለውን ልዩነት በወረቀት ልወስን ማለት ግን በልጆች ላይ መፍረድ ነው፣ እኔ አልጠቀምበትም።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ የቀለም መለኪያ፣ ከለሪሜትር የሚባለው ነው። ስፓድንስ ከሚባል ቀይ ፈሳሽ ጋር ይሠራል። ለሰፈር ሥራ የምመክረው ይህን ነው።

ሦስተኛው የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ የሚለካ ዘንግ። ጫፉ ላይ ከላንታነም ፍሎራይድ የተሠራ ክሪስታል አለው። የበለጠ ይታመናል፣ ግን ዋጋውም ጥንቃቄውም ከፍ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ወይም የውሃ ቢሮ ላብራቶሪ በቅርብ ካላችሁ እነሱ ጋር ሊኖር ይችላል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ናሙና አወሳሰድ፦ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው

የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚነካካ ብርጭቆ አይሆንም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው፣ ግን ለስላሳ ወይም ዘይት የነበረበት አይሁን። በሳሙና አትጠቡት። በጥርስ ሳሙና የተነካካ እጅም አይንካው፣ አብዛኛው የጥርስ ሳሙና ራሱ ፍሎራይድ አለበት።

ፓምፑን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አስኪዱት። መጀመሪያ የሚወጣው ቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ ነው፣ የጉድጓዱን እውነት አይናገርም። ሰው ወረፋ ይዞ ከሆነ ጀሪካናቸውን እንዲሞሉበት አድርጉ፣ ውሃ በከንቱ አይፍሰስ። ቦኖው ውሃውን የሚያገኘው ከሮቶ ከሆነ ከሮቶውም ከጉድጓዱ አፍም ለየብቻ ውሰዱ።

ከዚያ ሃይላንዱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ ክዳኑንም ጭምር። አራተኛውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑ። ወዲያው እዚያው ቆማችሁ ጻፉበት፦ የጉድጓዱን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወሰደውን ሰው። «ቤት ስገባ እጽፋለሁ» ያለ ሰው አራት አንድ ዓይነት ሃይላንድ ይዞ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ከአንዱ ጉድጓድ ሁለት ሃይላንድ ውሰዱ። ሁለቱ ሲለኩ ከተቀራረቡ ሥራችሁን ማመን ትችላላችሁ።

ደስ የሚለው ነገር ፍሎራይድ አይበላሽም። በፕላስቲክ ዕቃ ተዘግቶ እስከ 28 ቀን ይቆያል፣ በረዶም መድኃኒትም አይፈልግም። ከገጠር እስከ ከተማ በአውቶቡስ ልትልኩት ትችላላችሁ።

በስፓድንስ መለካት

አሠራሩን ከተረዳችሁት አትሳሳቱም። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት ጋር ተያይዞ ነው። ፍሎራይድ ሲገባ ዚርኮኒየሙን ይነጥቀዋል፣ ቀዩም ይደበዝዛል። ብዙ ፍሎራይድ ካለ ብዙ ይደበዝዛል። መለኪያው የሚያነበው የደበዘዘውን መጠን ነው።

ጓንት አድርጉ። አሮጌው ዓይነት ስፓድንስ ሶዲየም አርሰናይት አለበት፣ እሱ ራሱ መርዝ ነው። አርሰኒክ የሌለበት አዲስ ዓይነት ስላለ ስትገዙ እሱን ጠይቁ። የጊዜ ገደቡንም እዩ።

1. የናሙናውን ሃይላንድና የዲስቲልድ ውሃውን (በእንፋሎት የተጣራ፣ ምንም ያልሟሟበት ውሃ) ዕቃ አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁሟቸው። ሁለቱ በሙቀት እኩል መሆን አለባቸው። የስምጥ ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚያወጣ ይህን የዘለለ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያነባል።

2. ሁለት የመለኪያ ብልቃጥ በደንብ አድርቁ። አንደኛው ላይ 10 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ አድርጉ፣ ይህ ብላንክ ይባላል። ሁለተኛው ላይ 10 ሚሊሊትር ናሙና። (የታሸገ የመጠጥ ውሃ በዲስቲልድ ፈንታ አይሆንም። እሱም የራሱ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል።)

3. በሁለቱም ላይ በትክክል 2 ሚሊሊትር ስፓድንስ ጨምሩ። በዓይን ግምት አይደለም። ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያ ቀጭን ቱቦ) ከሌላችሁ መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ይሠራል፣ አረፋ ግን አይኑርበት። ቀለሙ ያለው ስፓድንሱ ውስጥ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት ትልቅ ስህተት ይሆናል።

4. ክደኑና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

5. የብልቃጡን ውጭ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ የጣት አሻራ ብርሃን ይጋርዳል። ብላንኩን አስገቡና ዜሮ በሉት። አውጡት። ናሙናውን አስገቡና አንብቡ።

ከመጀመሪያው ናሙና በፊት ግን መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ ለኩ። በሊትር 1.0 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው ስታንዳርድ ከመሣሪያው ጋር ይሸጣል። መሣሪያው 0.9 እና 1.1 መሐል ካነበበ ቀጥሉ። ካላነበበ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ፦ ብልቃጡ እርጥብ ነበር? ስፓድንሱ አርጅቷል? ሙቀቱ ተለያይቷል? ስታንዳርድ ሳይለካ የወጣ ቁጥር ይዛችሁ ሰፈር ፊት አትቁሙ።

መሣሪያው ሲያብለጨልጭ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ይህ መሣሪያ የሚያነበው በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙ ስለሚያልቅ መሣሪያው የመጨረሻ ቁጥሩን እያብለጨለጨ ይቆማል። የአክስቴን ሰፈር ውሃ መጀመሪያ ስለካ 2 እያለ አብለጨለጨ። ደብተሬ ላይ «ከ2.0 በላይ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ «ከ» እና «በላይ» ቀሩ፣ 2.0 ብቻ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ያየ ሰው ሁሉ «ከወሰኑ ትንሽ ነው ያለፈው፣ አያጣድፍም» ይል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በኋላ ተመልሼ በትክክል ለካሁት። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ከናሙናው 1 ሚሊሊትር በሲሪንጅ ወሰድኩ፣ 9 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጨመርኩበት። ስለዚህ አሥር እጥፍ ቀጠነ። ከዚያ እንደተለመደው 2 ሚሊሊትር ስፓድንስ። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ የመጀመሪያ ቀን የኮክ ልጣጭ መስሎ ገርጥቶ የነበረው አሁን ቀይነቱን ይዟል፣ ከብላንኩ ትንሽ ነው የሚለየው። መሣሪያው 0.61 አነበበ። በአሥር ሲባዛ 6.1።

የሰፈሩ ሰው ለሁለት ዓመት የጠጣው 2 ሳይሆን 6.1 ነበር። በ2 እና በ6 መሐል ያለው ልዩነት የጥርስና የአጥንት ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲሆን የአጥንት ጉዳት ሊታይ እንደሚችል፣ ከ10 ሲያልፍ ደግሞ ሰውን ሽባ የሚያደርግ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

ስለዚህ ቁጥሩ ካብለጨለጨ፣ ወይም 1.8 እና ከዚያ በላይ ካለ፣ አቅጥናችሁ ድገሙት። መጀመሪያ 5 በ5 ሞክሩ (5 ሚሊሊትር ናሙና፣ 5 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ)፣ በ2 ታባዛላችሁ። አሁንም ካብለጨለጨ 2 በ8፣ በ5 ታባዛላችሁ። ካልሆነ 1 በ9። ደብተር ላይ ያነበባችሁትንም፣ ያባዛችሁበትንም፣ የመጨረሻውንም ቁጥር ሦስቱንም ጻፉ። «በላይ» የሚል ቃል ደብተራችሁ ላይ አይኑር።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲያታልል

ሸብ፣ ውሃ ለማጣራት የሚጠቀሙበት ጨው፣ የተጨመረበት ውሃ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ሸብ አሉሚኒየም አለው፣ አሉሚኒየም ፍሎራይዱን ይዞ ስለሚደብቀው መሣሪያው ካለው በታች ያነባል። በሸብ የሚያጣራ ቦታ «ማጣሪያችን ይሠራል» ብሎ ራሱን የሚያታልለው አንዳንዴ በዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በአንድ ደቂቃ አንብቡ፣ ያንኑ ብልቃጥ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ አሉሚኒየም አለ። ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ አንብቡት፣ ወይም ለኤሌክትሮድ ላኩት።

ኤሌክትሮድ ላይ ይህ ችግር የሚቃለለው ቲሳብ በሚባል ፈሳሽ ነው። ናሙናውና ቲሳቡ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ቲሳቡ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ይይዛቸዋል፣ የውሃውንም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ5 እስከ 5.5 ያደርገዋል። ኤሌክትሮድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት ስታንዳርድ፣ 1 እና 10 ሚሊግራም፣ ለኩ። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 59 ሚሊቮልት መጠጋት አለበት። 40 ካሳያችሁ ኤሌክትሮዱ ታሟል።

ሻይና ምግብስ?

ፍሎራይድ በውሃ ብቻ አይገባም። የሻይ ቅጠል ፍሎራይድ ከአፈር እየሳበ ያጠራቅማል። ስለዚህ 2 ሚሊግራም ባለው ውሃ የተፈላ ሻይ ከ2 በላይ ነው። ሻይን በስፓድንስ ለመለካት አትሞክሩ፣ የራሱ ቀለም መሣሪያውን ያሳስተዋል። ቀዝቅዞ ተጠሎ በኤሌክትሮድ ይለካል። ሽሮ፣ ወጥ፣ እንጀራ ደግሞ ናሙናው ደርቆ ተቃጥሎ አመዱ ስለሚሟሟ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ወጡንም ሊጡንም የምትሠሩት ግን በዚያው ውሃ ስለሆነ ውሃውን ስትለኩ ትልቁን ክፍል ለክታችኋል።

ለልጆች ሒሳቡን እንዲህ አስቡት። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ አሜሪካኖቹ ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ 2.2 ሚሊግራም ነው። 3 ሚሊግራም ካለው ውሃ አንድ ሊትር የጠጣ ልጅ ከምግቡ በፊት ጣሪያውን አልፏል።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ

አታፍሉት። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን ከእንፋሎቱ ጋር አይሄድም። 3 ሚሊግራም ያለው ሁለት ሊትር ውሃ ፈልቶ አንድ ሊትር ቢቀር የቀረው 6 ነው። ውሃ አጋርም እንዲሁ ለጀርም እንጂ ለዚህ አልተሠራም። የሸክላ ማጣሪያም አያስቀረውም። የሚያስቀሩት በልዩ ሁኔታ የተቃጠለ የአጥንት ከሰል፣ በሸብና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴ እና ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ናቸው። ማጣሪያ ያለው ሰፈር ደግሞ በየወሩ ከማጣሪያው የሚወጣውን መለካት አለበት፣ የአጥንት ከሰል ሲጠግብ ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ ውሃው በመልክ አይለወጥም።

የለካችሁበትን ቀይ ፈሳሽ መሬት ላይ ወይም ማጠቢያ ውስጥ አትድፉ። አንድ ጀሪካን ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጽፋችሁ እዚያ ሰብስቡት፣ ላብራቶሪ አስረክቡ። ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ

ከ1.5 በታች ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና ከክረምት በኋላ፣ ድገሙት። ከ1.5 በላይ ከሆነ አንድ ጉድጓድ ለክታችሁ አትተኙ፣ በአካባቢው ያሉትን ሁሉ ለኩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁሉንም ውሃ መለወጥ አይጠበቅባችሁም፤ ለልብስ፣ ለከብት፣ ለቤት ጽዳት የቀድሞው ይቆይ። ለመጠጥና ለማብሰያ፣ ከሁሉም በፊት ለነፍሰ ጡሮችና ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ዝቅተኛውን ስጡ። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ ማጠራቀም ከቻላችሁ ፍሎራይዱ ኢምንት ነው።

አክስቴ ሰፈር ከጥልቁ ጉድጓድ ግማሽ ሰዓት የማያስኬድ ቦታ ላይ በእጅ የተቆፈረ የቆየ ጉድጓድ ነበር፤ አዲሱ ሲመጣ ሰው የተወው። ለካሁት፣ 0.9 ሆነ። ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ጀርም ሊኖረው ይችላል፣ እሱን ግን ውሃ አጋር ያስተካክለዋል። ኮሚቴው አፉን በሲሚንቶ አሠራው፣ ክዳን አደረገለት። አክስቴ አሁን ሁለት ጀሪካን አላት። ቢጫው ለልብስ፣ ነጩ ለመጠጥና ለወጥ። ባቄላው እንደ በፊቱ ቶሎ አይበስልም ብላ ታማርራለች፣ ግን ነጩን ነው የምትቀዳው። ታናሽየዋ የልጅ ልጇ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቋሚ ጥርሷ አሁን እየተሠራ ነው። መስከረም ላይ ሁለቱንም ጉድጓድ እንደገና እለካለሁ።